ዐፄ ቴዎድሮስ ስለ ጭፍሮቻቸውና ስለ ሠራተኞቻቸው የነበራቸው አስተያየት

አንድ አለቃ ምን ዐይነት ሰው እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ፥ አለቃው ስለ ራሱ የሚናገረውን ትቶ በበታቹ ስላሉት ሰዎች ሥራና ጠባይ የሚፈርደውን ፍርድ ቢመረምር ይሻለዋል። ስለ ራሱ ሲናገር ሰው ሁሉ ይጠነቀቃል፤ ስለ ሎሌው ሲፈርድ ግን ልቡ ይገለጣል። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ጀግንነታቸውም፣ ስለ ጭካኔያቸውም፣ ስለ አሟሟታቸውም ያልተባለ የለም። ዛሬ እኛ የምናነሣው ግን ከዚህ ሁሉ አንዱን ክፍል ብቻ ነው፤ ይኸውም በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ሳሉ ወታደሮቻቸውንና የእጅ ሠራተኞቻቸውን እንዴት ይመዝኗቸው እንደ ነበር ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓመተ ምሕረት ገደማ በቋራ ተወለዱ። በልጅነታቸው በገዳም ተምረዋል፤ የተማሩበት ገዳም በጦር ሲጠፋ ከሞት አምልጠው ወደ ዘመዳቸው ወደ ደጃዝማች ክንፉ ቤት ገቡ፤ ጦርነትንም ከዚያ ተማሩ። ደጃዝማች ክንፉ ከሞቱ በኋላ ርስት አጥተው ወደ ቈላ ወርደው ሸፈቱ። በሽፍትነታቸው ጊዜ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ያገኙትን እኩል ይካፈሉ እንደ ነበር፣ ጭፍሮቻቸውንም ከዘረፋ ይልቅ እርሻ ያሳርሷቸው እንደ ነበር ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዘው። ሰውየው ገና ከመነሻቸው ወታደር የሌላውን ሰው ጎተራ እያራቈተ መኖር እንደማይገባው ያስቡ ነበርና።

ሁለተኛውን ትምህርት ያገኙት በ1840 ዓመተ ምሕረት በሱዳን ወሰን ላይ በደባርቂ ነው። በዚያ የግብጽ ጦር ቍጥሩ ጥቂት ሆኖ ሳለ በመድፍና በሰልፍ ሥርዓት የካሣን ፈረሰኛ በተነው። ከዚያ በፊት ጦርነት ማለት ለሳቸው ልብና ጦር ፈረስም ነበረ። ከዚያ በኋላ ግን ሰልፉን የማይፈታ ወታደርና ከሩቅ የሚመታ መድፍ የሚሉት ሁለት አሳቦች ከራሳቸው አልወጡም። እስከ ሞታቸው ድረስ በጭፍሮቻቸው ላይ የፈረዱት ፍርድ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ አሳቦች የተመዘነ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

የድላቸው ዘመን ፈጣን ነበር። በኅዳር 1845 በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በሰኔ 1845 በአይሻል ራስ ዓሊን፣ በየካቲት 1847 በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረጉ፤ በዚያው ወር በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ወዲያውም ወሎንና ሸዋን አቀኑ። ይህን የሚያውቅ ብዙ ነውና አናስረዝመው።

ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ግን ከጠላት የበለጠ ያስጨነቃቸው የራሳቸው ሠራዊት ነገር ነበረ። በዘመነ መሳፍንት ልማድ ወታደር ደመወዝ አልነበረውም፤ ባላገር ቤት ይመራል፣ የባላገሩን እህል ይበላል፣ በሬውን ያርዳል፣ ሲዘምትም ዘርፎ ይመለሳል። ሹሙም ቢሆን ጭፍራው የሚወደው በጦርነት ላይ ባለው ችሎታ ብቻ ሳይሆን ዘረፋ በመፍቀዱ ጭምር ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ልማድ ሊለውጡ ተነሡ። ሰው ሁሉ ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ፣ ገበሬው እንዲያርስ፣ ነጋዴው እንዲነግድ ዐዋጅ አስነገሩ፤ ለወታደሩም ደመወዝ ሊሰጡ ሞከሩ። የየአገሩን ጭፍራ በየባላባቱ ስም መሰለፉን ትቶ በአምሳ አለቃ፣ በመቶ አለቃ፣ በሻለቃ እንዲከፈል አደረጉ። እነዚህ ስሞች በሠራዊታችን ውስጥ ዛሬም የሚሠራባቸው ናቸው።

አሳቡ መልካም ነበረ፤ ግን ደመወዝ የሚከፈለው ከምን ነው? ይህን ጥያቄ መመለስ ነበረባቸው። ግብር የሚገብረው መሬት ከፊሉ በባላባት እጅ፣ ከፊሉም በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበረ። ንጉሡም ለየቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ ለእነርሱ የሚበቃ መሬት ይተውላቸው፣ የቀረው ለገባሪ ይሰጥ አሉ። በዚህም ከካህናቱና ከአቡነ ሰላማ ጋራ ተጣሉ። ከካህናት ወገን የሆኑት አንባቢዎቻችን በዚህ ነገር ምን እንደሚያስቡ እናውቃለን፤ በዚያ ዘመን የነበሩ ካህናትም ቢሆኑ የተከራከሩት ለሆዳቸው ብቻ ነው ማለት አይገባም፤ የአድባራቱ አገልግሎትና ትምህርት ቤት የቆመው በዚያ መሬት ነበርና። የሆነ ሆኖ ንጉሡ መሬቱን በግድ መውሰዳቸው ከሠራዊቱ ደመወዝ ይልቅ ጠላት አበዛላቸው። ደመወዙ ሳይበቃ ሲቀር ወታደሩ ወደ አሮጌው ልማዱ ወደ ዘረፋ ተመለሰ። ንጉሡም ወታደሩን ሌባ ብለው ይቀጡት ጀመር። እንግዲህ ያልተመገበ ሰው ስለ ዘረፈ ሲቀጣ፣ ጥፋቱ የማን ነው? ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ጥያቄ ለራሳቸው የጠየቁ አይመስልም።

አሁን ወደ ጋፋት እንሂድ። ደብረ ታቦር በጉና ተራራ አጠገብ በደጋ ላይ የቆመች፣ ራስ ጉግሣ የቈረቈሯት፣ ስሟም ጌታችን ብርሃነ መለኮቱን ከገለጠበት ከታቦር ተራራ የተወሰደ ከተማ ናት። ጋፋት ከሷ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ስፍራ ነው። በዚያ ስፍራ ከስዊስ አገር ከባዝል አጠገብ ካለው ከክሪሾና የወንጌል ማኅበር የመጡ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች፣ ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንትስለን የሚባሉ፥ ከእነርሱም ጋራ ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪና ሞሪትስ ሃል የሚባል ከፖላንድ አይሁድ ወገን የሆነ ሰው ተቀምጠው ነበር። ወንጌል ለመስበክ የመጡትን ንጉሡ የጠየቋቸው መጽሐፍ ሳይሆን መድፍ ነበረ።

እነዚህ ሰዎች መድፍ ማቅለጥ እንደማያውቁ ተናገሩ። እውነታቸውንም ነበር፤ ከመካከላቸው አናጢና አንጥረኛ እንጂ መድፍ ሠሪ የለም። ንጉሡ ግን ምክንያቱን አልተቀበሉም፤ እንዲሞክሩ አዘዙ። ምድጃ ተሠራ፤ መጀመሪያ የተሞከረውም ሳይሆን ቀረ፤ የምድጃው ሸክላ እሳቱን አልቻለም፣ ናሱም እንደሚገባ አልፈሰሰም። በሌላው ሥራቸው በቍጣ የሚታወቁት ንጉሥ በዚህ ጊዜ ያደረጉት የሚያስገርም ነው። ሠራተኞቹን አላሰሩም፣ አልገረፉም፤ እንደገና እንዲሞክሩ አዘዙ እንጂ። ሌላ አፈር ተፈለገ፤ ምድጃውም ተለወጠ፤ በመጨረሻም የመጀመሪያው መድፍ ተሠርቶ ወጣ። ንጉሡ ያን ቀን እጅግ ደስ ብሏቸው ለሠራተኞቹ ልብስና ገንዘብ በቅሎም ሸለሟቸው። ከጋፋት ወደ ደብረ ታቦር መንገድ ተጠረገ፤ የአገሩ ልጆችም በጋፋት የእጅ ሥራ እንዲማሩ ተደረገ። በዚያ ዘመን አንጥረኛ ቡዳ ተብሎ በሚናቅበት አገር፥ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ወደ ምድጃው እየመጡ ከብረት ሠሪ ጋራ ተቀምጠው መነጋገራቸው በራሱ ትልቅ ነገር ነበረ።

እንግዲህ በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ የሠራተኛን ውድቀት ከሠራተኛው ክፋት መለየት ችለዋል። ሸክላው ሲሰነጠቅ ሸክላው ነው እንጂ ሰውየው ከዳኝ አላሉም። እኛ ስለ ሳቸው ባነበብነው ሁሉ ውስጥ ይህን ያህል ታጋሽ ሆነው የተገኙበት ቦታ ሌላ የለም። በጭፍሮቻቸው ላይ ግን ይህ ትዕግሥት አልነበረም። ጭፍራው ሲያፈገፍግ ፈሪ ነው፤ ሲዘገይ ሊከዳ ነው፤ አንድ ሰው ሲጠፋ ባልንጀሮቹ ሁሉ ተማክረዋል፤ እንዲህ ያለ ፍርድ ነበረ። ምክንያቱን ብናስብ አንድ ነገር ይታየናል። የመድፍን ሥራ ንጉሡ አያውቁትም ነበርና ለሚያውቀው ሰው ቦታ ይሰጡታል፤ ጦርነትን ግን ከሁሉ ይልቅ ያውቁታልና ሌላው ሰው ሁሉ እንደ ሳቸው ሊሆን የሚችል ይመስላቸው ነበር። ራሳቸው ረኃብን፣ ብርድን፣ የሌሊት ጉዞን የሚችሉ ሰው ነበሩ። የማይችል ሰው ሲያዩ የማይወድ መሰላቸው።

ያመሰገኗቸው ሰዎች አልነበሩም ማለት ግን አይደለም። ሊቀ መኳስ ተብሎ የተሾመው እንግሊዛዊው ዮሐንስ ቤል ንጉሡን ሲከላከል በጦርነት ላይ ሲሞት እጅግ አዘኑለት፤ ገዳዮቹንም ክፉኛ ተበቀሉ። ፊታውራሪ ገብርዬንም እንደ ልጅ ይወዱት ነበር። እነዚህ ሰዎች የተወደዱት ከሌላው ይልቅ ብልሆች ስለ ነበሩ አይደለም፤ ንጉሡ ሳይመለከቷቸውም የሚሠሩ ስለ ነበሩ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከሰው የሚፈልጉት ይህን ነበር፤ ይህም በሰው ዘንድ ጥቂት ነው።

ከ1856 ዓመተ ምሕረት ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ በ1855 የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ስለ ቀረ ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ፤ ከሱም ጋራ ሌሎች ኤውሮጳውያን ታሰሩ። በሰኔ 1857 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ፤ በላስታ ዋግሹም ጎበዜ፣ በወልቃይት ጥሶ ጎበዜ ሸፈቱ። ለንጉሡ የቀረላቸው በጌምድር ነው፤ በጌምድርም የምትቀልበው ያን ሁሉ ሠራዊት ነበረ። ደብረ ታቦር ዙሪያ ያለው ባላገር ከዓመት ዓመት እህሉን፣ ከብቱን፣ እንጨቱን ለሰፈሩ ሲሰጥ ኖሮ የሚሰጠው ሲያልቅ እሱም ሸፈተ። በ1859 ንጉሡ ጎንደርን ዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ይህን ሥራ ማንም ሊያመካኝላቸው አይችልም፤ እኛም አንሞክርም። ከሰፈሩም ወታደሩ በየሌሊቱ ይጠፋ ጀመር። ንጉሡ ሊከዱ አስበዋል የተባሉትን በብዛት አስገደሉ፤ በተገደሉ ቍጥር የሚጠፋው በዛ። ሰው የሚጠፋው ስለሚቀጣ ነው፤ የሚቀጣውም ስለሚጠፋ ነው፤ ከዚህ ክብ የሚወጣበት በር በደብረ ታቦር አልተገኘም።

በዚሁ በመጨረሻው ክረምት የጋፋት ሠራተኞች ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቁን መድፍ ሠሩ። ክብደቱ ወደ 7 ሺህ ኪሎ ይጠጋል። ስሙ የተወሰደው ሩስያ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋራ በተዋጋችበት በክራይሚያ ካለው ከተማ ነው። በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓመተ ምሕረት ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቻቸውን በሠረገላ ጭነው፣ ሠራተኞቹንና እስረኞቹን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ።

ይህ ጉዞ ከጦርነታቸው ሁሉ ይልቅ ሰውየውን የሚያሳይ ነው። ከደብረ ታቦር በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በቤተ ሖር፣ በጅዳ ገደል፣ በደላንታ፣ በበሽሎ ወንዝ አልፎ መቅደላ ለመግባት ለእግረኛ የጥቂት ቀናት መንገድ ነው፤ እሳቸው ግን ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። መንገድ አልነበረምና። ከፊት መንገዱ ይጠረጋል፣ ዐለት ይፈለጣል፣ ገደል ይሞላል፤ ከኋላ አምስት መቶ ያህል ሰው ሴባስቶፖልን በገመድ ይስባል። በሁለቱም ወገን ሽፍታው ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ንጉሡ በድንኳን ውስጥ ተቀምጠው አላዘዙም። ማለዳ ከሁሉ ቀድመው ወጥተው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ያነሡ ነበር። መኳንንቱም ይህን ሲያዩ ሻማቸውን አገልድመው ድንጋይ ተሸከሙ። በዐዋጅና በግርፋት ያልተገኘው ትጋት በዚህ መንገድ ላይ ተገኘ፤ ያ የተራበና ቍጥሩ የመነመነ ጭፍራ እስከ ዛሬ የሚያስደንቅ ሥራ ሠራ። በመጋቢት 1860 መድፉ መቅደላ ደረሰ። የእንግሊዝ መኰንኖች በኋላ ያን መንገድ ባዩት ጊዜ ያለ መሐንዲስ መሠራቱን አደነቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንል እንወዳለን። ዐፄ ቴዎድሮስ ጭፍራዬ ሥርዓት አይወድም ሲሉ፥ ይኸው ጭፍራ ለስድስት ወር ሰባት ሺህ ኪሎ ናስ በጅዳና በበሽሎ ገደል አውርዶ አውጥቶላቸዋል። ሥርዓት የማይወድ ሰው ይህን አይሠራም።

የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት 13 ሺህ ያህል ተዋጊ ይዞ ከዙላ ተነሥቶ በትግሬና በላስታ በኩል መጣ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት፣ ዕለቱ ስቅለት ነበረ፣ በእሮጌ ሜዳ ተጋጠሙ። ዝናም ይዘንም ነበር። የንጉሡ ጭፍራ በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከፋሕላ ቍልቍል ወርዶ ወደ ጠላት ሮጠ። መድፎቹ ከተራራው ላይ ተተኮሱ፤ ጥይቱ ግን ከጠላት ራስ በላይ እያለፈ አልጎዳም፤ ከመድፎቹም አንዱ ባሩዱ ስለ በዛበት ገና ከመጀመሪያው ፈነዳ። ሴባስቶፖል አልተተኮሰም። እንግሊዞች ስናይደር የሚባል ከኋላው የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ነበራቸው። ከኢትዮጵያውያን ሰባት መቶ ያህል ሞቱ፤ ከሺህ የሚበልጡም ቈሰሉ፤ ገብርዬም ከሞቱት አንዱ ነበር። ከእንግሊዝ ወገን የቈሰሉት ሃያ ያህል ናቸው።

በማግስቱ ንጉሡ ለጄኔራሉ ደብዳቤ ጻፉ። ስለ ጭፍሮቻቸው የነበራቸው የመጨረሻ ፍርድ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ይገኛል። የአገራቸው ሰዎች ግብር እንዲገብሩና ለወታደር ሥርዓት እንዲገዙ ስላዘዟቸው እንደ ጠሏቸው፣ ጄኔራሉም ድል ያደረጋቸው ሥርዓት በተማረ ሕዝብ እንደ ሆነ፣ የሚወዷቸው ሎሌዎቻቸው ግን ትእዛዛቸውን ትተው በአንድ ጥይት ደንግጠው እንደ ሸሹ፣ እሳቸውም ከሸሹት ጋራ እንዳልነበሩ ገለጡ።

ይህን ደብዳቤ ስናነብ የፊተኛው ክፍል እውነት እንደ ሆነ እንመሰክራለን። ሥርዓት የያዘ ጥቂት ሰው ሥርዓት የሌለውን ብዙ ሰው እንደሚያሸንፍ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደባርቂ ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ በአገራችንም ይህን ከሳቸው በፊት እንዲህ አጥርቶ ያየ ንጉሥ አናገኝም። የኋለኛው ክፍል ግን ግፍ አለበት። በዚያ ሜዳ ላይ የቀሩት ሰባት መቶ ሰዎች በአንድ ጥይት አልሸሹም። በጾም ቀን፣ በዝናም፣ ጦርና አሮጌ ጠመንጃ ይዘው፣ አይተውት ወደማያውቁት መሣሪያ ፊት ለፊት ሮጡ፤ የሮጡትም ስለ ታዘዙ ነው። መድፉ ከራስ በላይ ሲተኩስ ጥፋቱ የመድፈኛው አለመማር ነው፤ መድፈኛው እንዳይማር ያደረገው ደግሞ ጊዜው ሁሉ መድፉን በመሥራትና በመጎተት ማለቁ ነው። ንጉሡ የጋፋትን ሸክላ በመዘኑበት ሚዛን የእሮጌን ጭፍራ ቢመዝኑት ኖሮ ደብዳቤው ሌላ በሆነ ነበር።

ምናልባት ራሳቸውም ይህን በመጨረሻው ጊዜ ሳያስቡት አልቀሩም። ሚያዝያ 6 ቀን ሰኞ፣ በትንሣኤ ማግስት፣ እንግሊዞች ወደ መቅደላ ሊወጡ ሲሰለፉ ጭፍሮቻቸውን ሰብስበው ሊሄድ የወደደ ሁሉ እንዲሄድ ፈቀዱ። ሲጠፋ የተገኘ በሚገደልበት ሰፈር ለመሄድ ፈቃድ ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው ነበረ። ብዙው ሄደ። ጥቂቶች ግን ቀሩ፤ ከነዚህም ራስ እንግዳ በበሩ ላይ ሲዋጋ ሞተ፤ አሽከራቸው ወልደ ገብር እስከ መጨረሻው አጠገባቸው ነበረ። እንግሊዞች በሩን ሰብረው ሲገቡ ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጎርሰው ራሳቸውን ገደሉ።

የጋፋት ሠራተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ከአገር ወጡ። ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት፣ በኋላም በአስፉሪያ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ሞሪትስ ሃል ወደ ያፋ ሄደ። ደብረ ታቦርን ከጥቂት ዓመት በኋላ ዐፄ ዮሐንስ መልሰው መቀመጫ አደረጓት። ሴባስቶፖል ግን የጎተቱት ሰዎች ካቆሙት ከመቅደላ አልተነሣም፤ ዛሬም በዚያው ተራራ ላይ ይገኛል።